በታናሽ ወንድሜ የተነሳ የተማርኩት ሎጂክ

ሰው ስለ ራሱ የማያወራው ነገር የለም። ስለ ጨጓራው ያወራል፣ ስለ ኩላሊቱ ያወራል፤ ትንሽ ከተግባባችሁ ደግሞ በወጣትነቱ ስለጠጣው ጠላና ስለተደባደበበት ሠርግ ሳትጠይቁት ይነግራችኋል። ግን አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ "እኔ እኮ ቀናተኛ ነኝ" ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በሠላሳ ስምንት ዓመቴ አልሰማሁም። ቅናት ሁልጊዜ የጎረቤት በሽታ ነው። እኛን የሚይዘን ቅሬታ ነው፤ ቢበዛ ፍትሕ ሲጓደል ዝም ብሎ ማየት አለመቻል ነው።

እንግዲያው እኔ ታሪክ ልሥራ። ሞገስ እባላለሁ፤ የሁለት ልጆች አባት፣ ሰቆጣ ከተማ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ቀናተኛም ነኝ። በሚስቴ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል፤ ዝናሽ ከማስተማር ሥራዋና ከልጆቿ ተርፎ ለሌላ የሚሆን ጊዜ የላትም። የምቀናው በታናሽ ወንድሜ በፍሬው ነው። የምንሻማው መሬት ወይም ቤት አይደለም፤ አባታችንን ነው። ጢም ያበቀለ ሰው አባቴን ወሰደብኝ ብሎ ይቀናል ወይ ትሉኝ ይሆናል። ይቀናል። ጭራሽ ይብስበታል።

አባታችን ደሃና ወረዳ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ መሪጌታ ናቸው። የዓይን ሞራ ከጋረዳቸው ወዲህ፣ ይኸው ሦስት ዓመት ሊሆነን ነው፣ ከእኛ ጋር ሰቆጣ ይኖራሉ። ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን በባጃጅ የማደርሳቸው እኔ ነኝ። እግራቸውን የማጥባቸው፣ ጥፍራቸውን የምቆርጥላቸው፣ የዕለቱን ወሬ ከሥራ ስመለስ አንድ በአንድ የምነግራቸው እኔ ነኝ። ለዚህ ሁሉ የማገኘው "እግዜር ይስጥልኝ ልጄ" የሚል ምርቃት ነው። ምርቃት አይናቅም። ግን ያንኑ ምርቃት፣ በዚያው ቃል፣ በዚያው ድምፅ፣ ለባጃጁ ሾፌርም ይሰጡታል።

ፍሬው ባሕር ዳር ነው የሚማረው። በዓመት ሁለት ጊዜ አንድ እሽግ ብስኩት ይዞ ይመጣል። ድምፁ ከበር ሲሰማ የአባባ ጀርባ ጉብጠት የት እንደሚገባ አላውቅም፤ ቀጥ ይላሉ። ከእኔ ጋር እንደ ስብከት በተስተካከለ አማርኛ የሚነጋገሩት ሰው ከእሱ ጋር ወደ አገራችን ቋንቋ፣ ወደ ኽምጣንጋ ይሻገራሉ፣ ይቀልዳሉ፣ ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዳስሳሉ። እኔ "እርስዎ" ነው የምላቸው፤ ፍሬው "አንተ" ይላቸዋል። የመጨረሻ ልጅ ስለሆነ ተፈቅዶለታል። ማን እንደፈቀደለት አላውቅም፤ እኔ በስብሰባው ላይ አልነበርኩም።

ይህን ሁሉ ችዬ እኖር ነበር። ያልቻልኩት ሎጂክን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ፍሬው ሎጂክ የሚባል ትምህርት ተምሮ መጣ። አንድ ቀን ግቢያችን ውስጥ ማሽላ አስጥተን፣ አባባ ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ "ዛሬ ዝናብ አይጥልም፤ ጉልበቴን አላመመኝም" አሉ። ፍሬው ብስኩቱን እያኘከ፣ "አባዬ፣ ጉልበትህን ሲያምህ ይዘንባል ማለት፣ ካላመመህ አይዘንብም ማለት አይደለም" አላቸው።

አባባ ጋቢያቸው ከትከሻቸው እስኪወድቅ ሳቁ። "ድገመው እስቲ" አሉት። ደገመው። "ይህ ከየት የተገኘ ነው?" ብለው ጠየቁ። "ሎጂክ ነው" አለ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ስለ ጉልበትና ስለ ዝናብ የተከራከሩት ክርክር፣ ክስና መልስ፣ አጸፋና ይግባኝ፣ ለአንድ አገር ሸንጎ የሚበቃ ነበር።

አሁን ፍረዱኝ። እኔ ያንኑ ነገር ስንት ዓመት ሙሉ፣ "አባባ፣ ጉልበትዎን አይመኑ፣ ሊዘንብ ይችላል" እያልኩ ስናገር ያገኘሁት መልስ "ዝም በል፣ ጉልበቱ የእኔ ነው" የሚል ነበር። ልዩነታችን ምንድን ነው? እሱ ሎጂክ ብሎ ጠራው፤ እኔ ምንም ብዬ አልጠራሁትም። ደግሞ ያን ዕለት ዘነበ። ሁለቱ ስለ ዝናቡ ቤት ውስጥ ክርክራቸውን ሲቀጥሉ፣ ማሽላውን ያስገባሁት እኔ ነኝ።

ይህ በሆነ በሁለተኛው ወር ቅዳሜና እሁድ ዲግሪ የምማርበት ኮሌጅ ምዝገባ ጀመረ። በዚያ ሴሚስተር ከሁለት ትምህርቶች አንዱን መምረጥ ነበረብን፤ ወይ ሥራ ፈጠራ ወይ የሎጂክ መግቢያ። ቢሯችን ውስጥ ቀድመውኝ የተማሩ ሁሉ በአንድ ድምፅ መከሩኝ። ሥራ ፈጠራ ላይ ስለ ዶሮ እርባታ ሦስት ገጽ የጻፈ ሰው ኤ ያገኛል፤ ዶሮ ማርባት ግን አይጠበቅበትም። ሎጂክ ላይ ግን ብዙ ጎበዝ ተማሪ ወድቋል።

ፎርሙን ተቀብዬ ሥራ ፈጠራ ላይ ምልክት አደረግኩ። ሰረዝኩት። ሎጂክ ላይ አደረግኩ። እሱንም ሰረዝኩት። በላጲስ ሳሸው ሳሸው ወረቀቱ ተበሳና በቀዳዳው የመዝጋቢዋ ጠረጴዛ ታየኝ። ሴትዮዋ ትዕግሥተኛ ናት። ሌላ ፎርም ሰጥታኝ፣ የቅዳሜውን የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ በነፃ ገብቼ አይቼ እንድወስን መከረችኝ። "ትዳር እኮ አይደለም" አለችኝ።

ቤት ስደርስ ዝናሽን አማከርኳት። ሎጂክ ልማር እያሰብኩ ነው አልኳት። ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። አስተሳሰቤን ለማሻሻል ነው አልኩ። ደብተር ታርም ነበርና ቀና ሳትል፣ "ለፍሬው ነው" አለች። እንዲህ ያለች ሴት ያገባ ሰው የሎጂክ መምህር ቤቱ ውስጥ አለችለት፤ ችግሩ ዲግሪ አለመስጠቷ ነው።

እውነቱን ለመናገር የፈራሁት መውደቁን አልነበረም። ልጅ ሳለሁ አባባ ቅኔ ሊያስተምሩኝ ሁለት ዓመት ደክመውብኛል። በመጨረሻ አንድ ቀን ከተማሪዎቻቸው ፊት አስቀምጠውኝ ራሴ ደርሼ የቆጠርኩትን ቅኔ ሰሙና፣ አልተቆጡም፣ "ልጄ፣ አንተ ለሥራ ነው የተፈጠርከው" አሉኝ። ተማሪዎቹ አልሳቁም፤ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። እንግዲህ ሎጂክ ተምሬ ያው ከሆንኩስ? ሁለተኛ ጊዜ ለሥራ መፈጠር አልፈለግኩም።

ቅዳሜ ሄድኩ። ኮሌጁ የአንድ ትምህርት ቤት ክፍሎች ተከራይቶ ስለሚያስተምር ወንበሮቹ ለትልቅ ሰው አይሆኑም፤ ጉልበቴን ደረቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። መምህርቷ ሜሮን ትባላለች፤ ከደሴ ተመድባ የመጣች፣ ከሁላችንም በዕድሜ የምታንስ ልጅ ናት። ሰሌዳው ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ "ፍየል ሁሉ ቅጠል ይበላል። ይህ እንስሳ ቅጠል ይበላል። ስለዚህ ይህ እንስሳ ፍየል ነው።" ልክ ነው ወይ ብላ ጠየቀችን። ከጎረቤት ወረዳ ከዝቋላ የመጣ አንድ የግብርና ባለሙያ እጁን አውጥቶ፣ የዝቋላ ፍየል ድርቅ ሲሆን ካርቶንም ስለሚበላ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ አሳሰበ። መምህርት ሜሮን ሳቋን ውጣ፣ ጥያቄው ፍየል ምን ይበላል ሳይሆን፣ ድምዳሜው ከመነሻዎቹ ይከተላል ወይስ አይከተልም ነው አለች። ግመልም ቅጠል ይበላል፤ ግመል ግን ፍየል አይደለም። ገባን።

ከዚያ የራሳችንን ምሳሌ እንድንሰጥ ጠየቀች። እጄ እንዴት እንደወጣ አላውቅም።

"አባቴ ብልህ የሆነን ልጅ ሁሉ ይወዳሉ" አልኩ። "አባቴ ወንድሜን ይወዳሉ። ስለዚህ ወንድሜ ብልህ ነው።"

ሰሌዳው ላይ ከፍየሉ ጎን ጻፈችው። አየት አደረገችውና፣ "ጋሽ ሞገስ፣ ይኼ አይከተልም። አባትዎ ወንድምዎን በሌላ ምክንያት ሊወዱት ይችላሉ። ብልህ መሆኑ አልተረጋገጠም" አለች።

ወገኖቼ፣ በሕይወቴ ከሰማኋቸው ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ እንደዚያ የጣፈጠኝ የለም። ብልህ መሆኑ አልተረጋገጠም። ከደሴ የመጣች፣ ፍሬውን አይታው የማታውቅ፣ ማስተርስ ያላት ሴት ናት የተናገረችው። በሳይንስ የተረጋገጠ፣ ማለቴ ያልተረጋገጠ። ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ አልጠበቅኩም፤ በእረፍት ሰዓት ወጥቼ ለመዝጋቢዋ ፎርሙን ሞልቼ ሰጠኋት። ይህን ጊዜ ላጲስ አላስፈለገኝም። እንግዲህ የአስተሳሰብን ሕግ ለማጥናት የወሰንኩት በዚህ ዓይነት አስተሳሰብ ነው።

አራት ወር ተማርኩ። ወድጄው ተማርኩ ብል ትገረማላችሁ? መዝገብ ቤት ውስጥ ለፊርማ የሚመጣ ደብዳቤ ሁሉ መነሻና ድምዳሜ ሆኖ ይታየኝ ጀመር፤ ከአንዳንዱ ደብዳቤ መነሻውን ፈልጌ አጣሁት። ቤት ውስጥ ግን ለአባባ ትንፍሽ አላልኩም። ሎጂኬን የማስቀምጠው ለፍሬው ነበር።

ፍሬው ለዓመቱ አጋማሽ እረፍት መጣ። በዚያው ሳምንት የዓይን ሐኪሞች ለዘመቻ ሰቆጣ ሊመጡ እንደሆነ ተነገረ፤ የዓይን ሞራ ያለበት ሁሉ እንዲመዘገብ። አባባን ይታከሙ እያልኩ ስለምናቸው ዓመት አልፎኛል። አሁንም እምቢ አሉ። እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ ምሳ በልተን ግቢ ውስጥ ፀሐይ እየሞቅን፣ ፍሬው ነገሩን አነሳው።

"አባ ኪሮስን ታውቀዋለህ" አሉት አባባ። አብሮ አደግ ጓደኛቸው ነበሩ። "የዓይን ሞራውን ተገፈፈ። ዓመት ሳይሞላው ዐረፈ።"

"አባዬ፣ ከዚያ በኋላ ሞቱ ማለት በዚያ ምክንያት ሞቱ ማለት አይደለም። እሳቸው እኮ ከበቅሎ ወድቀው ነው" አለ ፍሬው።

"ዓይኑ ባይበራ በቅሎ ላይ ይወጣ ነበር?" አሉ አባባ።

ፍሬው በሳቅ ፈረሰ። እጁን አነሳ፣ "ረታኸኝ" አለ፣ ብስኩቱን አነሳ። አባባ እንደ ጎረምሳ ደስ አላቸው። ነገሩ በዚህ አለቀ፤ የእሳቸው ዓይን ሞራውን እንደያዘ፣ ሁሉም ተደስቶ።

እኔ አልተደሰትኩም። ወንበሬን ወደ ፊት ጎትቼ፣ "አባባ፣ እኔም አንድ ነገር ልበል" አልኩ። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። የአባባ ፊት ላይ የነበረው፣ ዕቃ ቤት የነበረ ዕቃ ድንገት የተናገረ ያህል መገረም ነው።

"እርስዎ እንዳሉት ይሁን" አልኩ። "አባ ኪሮስን የገደላቸው በቅሎ ላይ መውጣት ነው። እንግዲያው የሚከለከሉት በቅሎ እንጂ ማየት አይደለም። ታክመው በእግርዎ ይሂዱ።"

አባባ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። "ለኔ ማየት ምን ያደርግልኛል?" አሉ። "ዳዊቴን በቃሌ ነው የምደግመው። ቤተ ክርስቲያኑን በድምፁ አውቀዋለሁ። ማየት የሚገባኝን አይቻለሁ።"

በዚህ ጊዜ መምህርት ሜሮን ያስተማረችኝን መጠቀም ነበረብኝ። አልተጠቀምኩም። ከአፌ የወጣው ሎጂክ አልነበረም።

"ማየት የማይፈልግ ሰው" አልኩ፣ "ፍሬው በመጣ ቁጥር ፊቱን በእጁ ለምን ይዳስሳል?"

ለስንት ዘመን ሊቃውንትን በክርክር ሲያንበረክኩ የኖሩት ሰው መልስ አጡ። በትራቸውን ፈልገው ተነሱ፣ "ደክሞኛል" ብለው ገቡ። ፍሬው አንገቱን ደፍቶ፣ "ጋሼ፣ ትንሽ አልበዛም?" አለኝ። አሸናፊ እንደሆንኩ ያወቅኩት በዚህ ነው። አሸናፊ መሆን ይህን ያህል ሆድ የሚያባባ ነገር እንደሆነ ግን የነገረኝ አልነበረም።

በማግስቱ ፍሬው ወደ ትምህርቱ ተመለሰ። አባባ ሦስት ቀን ሙሉ ከእኔ ጋር የተነጋገሩት በ"እሺ" እና በ"አይ" ነው። ባጃጅ ላይ ሳወጣቸው ያችን ምርቃቴን እንኳን ለሾፌሩ ብቻ ሰጡት። ዝናሽ ይቅርታ ጠይቃቸው አለችኝ። ምን ብዬ? ትክክል ስለነበርኩ ይቅርታ ልበል? "ስለቀናህ ነዋ" አለችኝ። ይህን ነገር ከእሷ አፍ ስሰማው እንዳሰብኩት ከባድ ሆኖ አላገኘሁትም፤ ግን ይቅርታውን አልጠየቅኩም።

በአራተኛው ቀን አባባ ፍሬውን ደውልልኝ አሉኝ። ደወልኩ። ስልኩን ጆሮአቸው ላይ የምይዝላቸው እኔ ስለሆንኩ ሁሉንም ሰማሁ። የፍሬው ክርክር ይኸውላችሁ፣ ከመነሻው እስከ ድምዳሜው፦ "አባዬ፣ ለኔ ስትል ታከም።"

"እሺ ልጄ" አሉት።

ይኸው ነው። አራት ወር ተምሬ፣ ያን ሁሉ ምሳሌ አጥንቼ፣ አፍ አስይዤ ያላገኘሁትን እሺታ እሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር አገኘው። ስልኩን ዘግቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ፤ ዝናሽ ተከትላኝ መጣች። ያሳመንኳቸው እኔ እንደሆንኩ፣ ለእኔ እሺ ማለት ግን መሸነፍ ስለሚሆንባቸው በእሱ በኩል እንዳለፉ አስረዳችኝ። ደስ የሚል አባባል ነው። ለማጽናናት ይሁን ከልቧ፣ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

ወሰድኳቸው። ወረፋውን የያዝኩት፣ ሲገቡ በትራቸውን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። በማግስቱ ነርሷ የታከመው ዓይናቸው ላይ የተለጠፈውን ስታነሳም ከፊታቸው የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ነርሷ ጣቶቿን አሳይታ ስንት እንደሆኑ ጠየቀቻቸው። አልመለሱላትም፤ እኔን ነበር የሚያዩት። ረጅም ጊዜ አዩኝ።

"ሞገስ" አሉ። "መቼ ነው እንዲህ የሸበትከው?"

"ቆየሁ አባባ።"

"ማንም አልነገረኝም" አሉ፤ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው።

ለነርሷ ሦስት ጣት እንዳሳየቻቸው በኋላ ነገሯት። ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጅ እምቢ አሉ። አንዱ ዓይናቸው በጥቁር መነጽር ውስጥ እየተጨናበሰ፣ የእያንዳንዱን ሱቅ ማስታወቂያ ድምፅ እያሰሙ እያነበቡ በእግራቸው ሄዱ። አንድ ፀጉር ቤት በር ላይ የተጻፈውን ፊደል ሁለት ቦታ አርመው ባለቤቱን አስጠርተው ነገሩት። እጄን ይዘው ነበር። መንገዱ ይታያቸዋል፤ መያዝ አያስፈልጋቸውም ነበር። ከዚህ ምንም ድምዳሜ አላወጣሁም፤ ዝም ብዬ ሄድኩ።

ሳምንቱን ሙሉ ፍሬው በየቀኑ ደወለ። አባባ አሁን ስልኩን ራሳቸው ይዘው እየተንጎራደዱ ነው የሚያወሩት፤ እኔ አልሰማም። በሳምንቱ መጨረሻ ፍሬው ለእኔ ደወለ። ድምፁ ደስ አይልም። አሞህ ነው ወይ አልኩት።

"አላመመኝም" አለ። "ጋሼ፣ አባዬ ምን ሆኗል? በደወልኩ ቁጥር ስለ አንተ ነው የሚያወራው። ሞገስ እንዲህ ብሎ ረታኝ፣ ሞገስ መልስ አሳጣኝ፣ እንዲህ ያለ ራስ እንዳለው ሳላውቅ፣ ከእኔ ጋር እየኖረ። ስለ ፈተናዬ ልነግረው ስጀምር፣ ቆይ እሱን ተወውና ሞገስ ዛሬ ምን እንዳለ ልንገርህ ይለኛል። ከእኔ ጋር የሚከራከረው ለጨዋታ ነው አለኝ። ለጨዋታ። ልጅ ነኝ እንዴ እኔ?" አለኝ።

ሎጂክ እንደተማረ ሰው፣ እሱ ቢቀር እንደ ታላቅ ወንድም፣ ማለት የሚገባኝን አውቃለሁ። አባት አንዱን ልጁን አደነቀ ማለት ሌላውን አልወደደም ማለት አይደለም፤ አይከተልም። ይህን በሁለት መነሻና በአንድ ድምዳሜ አስረድቼ ልጁን ማጽናናት እችል ነበር።

"ፍሬው" አልኩት፣ "ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ምንም አልሰማሁህም። እስቲ ከመጀመሪያው ጀምረህ፣ ቀስ ብለህ፣ አንድም ሳታስቀር ድገምልኝ።"

ያን ቀን ሰቆጣ ላይ ኔትወርኩ የፍሬው ትንፋሽ እንኳን እስኪሰማ ድረስ የጠራ ነበር።